ያረጀ ግንድ፣ ወጣት እጅ፦ የሞዘል ደረቅ ሪስሊንግ

በጀርመኑ የሞዘል ሸለቆ መቶ ዓመት የዘለላቸው የወይን ግንዶች ዛሬም ፍሬ ይሰጣሉ። ይህን የሰማ ሰው አርቆ አሳቢ ትውልድ ለቅርስ ብሎ ጠብቆ ያቆያቸው ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። አብዛኞቹ የተረፉት ነቅሎ በአዲስ ለመተካት ገንዘቡም ጉልበቱም ስለጠፋ ነው። ባለቤቱ አረጀ፣ ልጆቹ ከተማ ገቡ፣ ማሳው ደግሞ ትራክተር የማይወጣው ገደል ነው፤ ስለዚህ ግንዱ ባለበት ቀረ። ዛሬ ከዚያ ግንድ የሚጨመቀው፣ ጣፋጭነት የሌለው ነጭ ወይን ከበርሊን እስከ ኒውዮርክ ባሉ ምግብ ቤቶች በክብር ይቀዳል። ጠርሙሱ ላይ የሚነበበው ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ ገና ሠላሳዎቹን ያላጋመሰ ሰው ስም ነው። ያረጀ ተክልና ወጣት ሰው እንዴት ተገናኙ? ይህ ጽሑፍ የሚተርከው ያንን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሞዘል ከፈረንሳይ የቮዥ ተራሮች ተነሥቶ፣ በሉክሰምበርግና በጀርመን ድንበር አልፎ፣ 545 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ኮብሌንዝ ላይ ከራይን ጋር ይቀላቀላል። ከትሪየር ከተማ በታች ያለው ክፍል ቀጥ ብሎ መፍሰስ አይሆንለትም፤ ይታጠፋል፣ ይዞራል፣ አንዳንዴም ወደ መጣበት ይመለሳል። የወይኑን ዕጣ የወሰነው ይህ መጠማዘዝ ነው። በ50ኛው ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ የወይን ፍሬ ማብሰል ቀላል አይደለም፤ ፀሐይ ዝቅ ብላ ነው የምታልፈው። ወንዙ በታጠፈበት ሁሉ ግን ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ቀጥ ያለ ዳገት ይገኛል፤ ጨረሩ እዚያ ላይ ፊት ለፊት ያርፋል። ከሥር ያለው ውኃ ብርሃኑን መልሶ ይረጫል፤ ሌሊት ደግሞ ብርዱን ያለዝባል።

አፈሩን አፈር ማለት ይከብዳል። ሺፈር ይሉታል፤ ከ400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የባሕር ጭቃ ተጨምቆ የሆነ፣ በስስ በስሱ እየተሰነጠቀ የሚላጥ ግራጫ ድንጋይ ነው። ቀን የተቀበለውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ውኃ አያቁርም፤ የወይን ሥር ግን ስንጥቁን ተከትሎ ሜትሮችን ወደ ታች ይወርዳል። ብሬም ከምትባለው መንደር በላይ ያለው የካልሞንት ማሳ በአንዳንድ ቦታው ተዳፋቱ ወደ 65 ዲግሪ ይደርሳል፤ ግድግዳ ላይ የተደገፈ መሰላል ያህል ማለት ነው። በዚህ ላይ ነው ሰው ቆሞ የሚገርዘው፣ የሚኮተኩተውና የሚለቅመው። ሮማውያን ትሪየርን የንጉሠ ነገሥት መቀመጫ ባደረጉበት ዘመን ይህ ዳገት በወይን ተሸፍኖ ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚው አውሶኒዩስ ስለ ወንዙ ሲጽፍ የወይን ተክሉን አልዘለለውም። ኖይማገን በተባለች መንደር የተገኘው፣ በርሜል የጫነች መርከብ የተቀረጸበት የሮማውያን የመቃብር ድንጋይም ዛሬ ትሪየር ሙዚየም ውስጥ ይታያል።

የሸለቆው ንጉሥ ሪስሊንግ የሚባለው የነጭ ወይን ዝርያ ነው። ስሙ በጽሑፍ መጀመሪያ የተገኘው ከሞዘል ውጭ ነው፤ በ1435 የካትሰንኤልንቦገን መኳንንት የሒሳብ መዝገብ ለሩሰልስሃይም ቤተ መንግሥት የተገዛ የሪስሊንግ ችግኝ ወጪ አስፍሯል። ሩሰልስሃይም ዛሬ የኦፔል መኪና ከተማ ናት፤ ወይን ያስታውሳል የሚባል ነገር ብዙም አይታይባትም። ሞዘልን የሪስሊንግ አገር ያደረገው ግን የትሪየሩ ሊቀ ጳጳስና መስፍን ክሌመንስ ቬንስስላውስ በ1787 ያወጡት ትእዛዝ ነው። ደካማ ዝርያዎች ተነቅለው በመልካም ዝርያ ይተኩ አሉ፤ በዚያ ሸለቆ መልካም ዝርያ ማለት ሪስሊንግ ማለት ነበር። እንጨቱ ጠንካራ ስለሆነ ክረምቱን ይችላል። ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል። ሲበስልም ኮምጣጣነቱን አይለቅም፤ ይህን የመጨረሻውን ጠባይ ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

እኛ አገር ባቱ (ዝዋይ) ላይ ካስቴል የተባለው የወይን ጠማቂ ሻርዶኔ ከሚባለው ዝርያ ነጭ ወይን ያመርታል። እዚያ ተክሉ በረዶ የሚያስተኛው ክረምት የለውም፤ የሚያርፈው አምራቹ በመግረዝ በሚያስገድደው ጊዜ ነው። የሞዘል ሪስሊንግ ግን በኅዳር ቅጠሉን አራግፎ እስከ ሚያዝያ ደረቅ እንጨት መስሎ ይቆማል። ይህ ረጅም እንቅልፍ ለዕድሜው አንዱ ምክንያት ነው።

ሌላው ትልቅ ምክንያት ከአንዲት ነፍሳት ጋር የተያያዘ ነው። ፊሎክሴራ የምትባል ከአሜሪካ የመጣች፣ ሥር እየመጠጠች የምትኖር ጥቃቅን ቅማል በ1860ዎቹ ፈረንሳይ ገባች፤ በጥቂት አሥርተ ዓመታት ውስጥ የአውሮፓን የወይን ማሳ አወደመች። ጀርመን ውስጥ በ1874 ቦን ከተማ አጠገብ ተገኘች። መድኃኒት አልተገኘላትም፤ መላ ግን ተገኘ። የአሜሪካ ወይን ሥር ቅማሏን ስለሚቋቋም የአውሮፓን ቅርንጫፍ ቆርጦ በአሜሪካ ሥር ላይ መግጠም ተጀመረ። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው አብዛኛው የወይን ተክል እንዲህ ባለ በውሰት ሥር የቆመ ነው። በሞዘል ገደሎች ላይ ግን ቅማሏ እንደ ልቧ አልሄደችም። ድንጋያማው ሺፈር ለመንቀሳቀስና ለመራባት አይመቻትም። ስለዚህ በራሳቸው ሥር የቆሙ፣ ምንም ያልተገጠመባቸው ግንዶች እዚህም እዚያም ተረፉ። አዲስ ሲተከል ግን በተገጠመ ችግኝ መትከል ግዴታ ሆኗል፤ በራሱ ሥር የቆመው በአብዛኛው ከቀድሞ የተረፈ ነው።

እነዚህ ግንዶች በሽቦ ላይ የተዘረጉ አይደሉም። እያንዳንዱ ለብቻው በቆመ ረጅም እንጨት ላይ ይታሰራል፤ ሁለት ቅርንጫፉ ወደ ታች ተቆልምሞ የልብ ቅርጽ ይይዛል። ጌጥ ግን አይደለም። በሽቦ የተያያዘ ማሳ ውስጥ ሠራተኛው በመደዳው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው የሚሄደው፤ በእንጨት የታሰረ ሲሆን ግን በጎን ማለፍ ይችላል። ገደል ላይ ይህ እግርንም ጊዜንም ያድናል።

ለመሆኑ ዕድሜ ወይኑን ያሻሽለዋል? ጠማቂዎቹ ያለ ማመንታት አዎን ይላሉ። ያረጀ ግንድ የሚሰጠው ፍሬ ጥቂት ነው፣ ዘለላው ላላ ያለ፣ ፍሬውም ትንንሽ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ አይሻግትም፣ ጣዕሙም የተከማቸ ነው። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ በድርቅ ዓመት አይደነግጥም። ግንዱ ያከማቸው ምግብ ደግሞ መጥፎ ዓመትን ያሻግረዋል። ሳይንቲስቶቹ ጠንቀቅ ይላሉ። በ1872 የተመሠረተው የጋይዘንሃይም የወይን ምርምርና ትምህርት ተቋም በአንድ ማሳ ላይ በ1971፣ በ1995 እና በ2012 የተተከሉ ሪስሊንጎችን ጎን ለጎን አነጻጽሯል፤ በጭማቂው ላይ የታየው ልዩነት በገበያው የሚወራውን ያህል ጎልቶ አልወጣም። እኔ በበኩሌ ዕድሜ ብቻውን ተአምር ይሠራል ብዬ አላምንም። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ዛሬ የሚተከለው ችግኝ በአብዛኛው ከአንድ ከተመረጠ እናት ተክል የተባዛ ነው፤ ማሳው ሙሉ አንድ ዓይነት ነው። የድሮ ገበሬ ግን ቅርንጫፍ የሚቆርጠው ከጎረቤቱም ከራሱም፣ ደስ ካለው ግንድ ሁሉ ነበር። ያረጀ ማሳ ውስጥ አንዱ ቀድሞ ይበስላል፣ አንዱ ይዘገያል፤ አንዱ መዓዛው ይበረታል፣ ሌላው ይኮመጥጣል። አንድ ላይ ሲጨመቁ የሚገኘው ውስብስብ ጣዕም ከዕድሜው ይልቅ ከዚህ ስብጥር የመጣ ይመስለኛል።

እንግዲህ ግንዱ ይህ ከሆነ፣ የጀርመን ነጭ ወይን ለምን ለረጅም ጊዜ የጣፋጭ መጠጥ ስም ብቻ ይዞ ቆየ? በ1900 አካባቢ የሞዘልና የራይን ሪስሊንግ በለንደን ነጋዴዎች ዝርዝር ላይ ከታላላቅ የቦርዶ ወይኖች ጋር እኩል፣ አንዳንዴም በላይ ይሸጥ ነበር። ከዚያ ሁለት የዓለም ጦርነቶች፣ ድህነትና ፋብሪካ መጣ። እርሾን ለቅሞ የሚያስቀር ማጣሪያ ከተፈለሰፈ በኋላ የወይኑን መብላላት መሐል መንገድ ላይ አስቁሞ ስኳሩን ማስቀረት ቀላል ሆነ፤ የወይን ጭማቂ ጨምሮ ማጣፈጥም ተለመደ። ሔርማን ሙለር የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው ጋይዘንሃይም ውስጥ በ1882 ያዳቀለው ሙለር ቱርጋው የሚባል ዝርያ ሜዳውን አጥለቀለቀ። ቶሎ ይበስላል፣ ብዙ ይሰጣል፣ ጣዕሙ ግን ደብዛዛ ነው። ሰውየው ሪስሊንግንና ሲልቫነርን ያዳቀለ መስሎት ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የዘረ መል ምርመራ ሲደረግ ሲልቫነር የሚባል ወላጅ ጭራሹን አልተገኘም።

የ1971ዱ የወይን ሕግ ደግሞ ነገሩን አጸናው። ሕጉ የወይኑን ደረጃ የሚወስነው ፍሬው ሲለቀም በያዘው ስኳር ነበር፤ ማሳው ገደል ይሁን ሜዳ፣ ዝርያው ሪስሊንግ ይሁን ሌላ አልጠየቀም። ልኬቱ ኦክስሌ ይባላል፤ የአንድ ሊትር ጭማቂ ክብደት ከአንድ ሊትር ውኃ በስንት ግራም እንደሚበልጥ ያሳያል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የድሮ ማሳ ስሞችም ወደ 2 ሺህ 600 ገደማ ተጨፍልቀው ጥሩውና መካከለኛው በአንድ ስም መጠራት ጀመረ። ሊብፍራውሚልሽ የሚባለው ርካሽ ጣፋጭ ወይን በእንግሊዝና በአሜሪካ የመደብር መደርደሪያ ሞላ። ለገደሉ ገበሬ ይህ ሞት ነበር፤ ሜዳ ላይ በማሽን ከሚያመርተው ጋር በዋጋ ሊወዳደር አይችልም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ12 ሺህ ሄክታር በላይ የነበረው የሞዘል የወይን መሬት ዛሬ 8 ሺህ 500 ገደማ ነው። የተተወው በብዛት ገደሉ ነው። ከሩቅ ሲታይ ቁጥቋጦ የወረሰው እርከን ነው፤ በጫካው ውስጥ የድንጋይ ግንቡ ብቻ ይታያል።

የጣፋጩ ተቃራኒ የሆነው ደረቅ ወይን በጀርመን ሕግ ትሮከን ይባላል። በሊትር እስከ 4 ግራም ስኳር ይፈቀድለታል፤ ኮምጣጣ አሲዱ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ እስከ 9 ግራም፣ ሆኖም ስኳሩ አሲዱን ከ2 ግራም በላይ መብለጥ የለበትም። 8 ግራም ስኳር ያለው ወይን ደረቅ ለመባል ቢያንስ 6 ግራም አሲድ ሊኖረው ይገባል። ሕጉ ምላስን ያገናዘበ ነው፤ ስኳርና አሲድ እርስ በርስ ይሸፋፈናሉና።

የሪስሊንግን ኮምጣጣነት ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። በድሮ ቀዝቃዛ ዓመት በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር የተለቀመ የሞዘል ሪስሊንግ አሲዱ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ስኳሩን ሙሉ በሙሉ ካስወጣኸው የሚቀረው ጥርስ የሚያንገፈግፍ ቀጭን መጠጥ ነው። ትንሽ ስኳር መተው ብልኃት ነበር እንጂ ስህተት አልነበረም። ዛሬ የአየሩ ሙቀት ጨምሮ ለቀማው ወደ መስከረም ተስቧል። ፍሬው በደንብ ስለሚበስል ያለ ስኳር ራሱን የሚችል ወይን ይወጣዋል። 90 ኦክስሌ ያለው ጭማቂ እርሾው ስኳሩን በልቶ ሲጨርስ 12 በመቶ ያህል አልኮል ይሰጣል፤ ይህ ለሪስሊንግ ተመጣጣኝ ነው። ሌሎች የወይን አገሮች የሚረግሙት ሙቀት ለሞዘል ደረቅ ወይን በር ከፍቷል። ደስ ይበለን ለማለት ግን አልደፍርም፤ ያው ሙቀት ቡቃያውን ቀድሞ ስለሚያወጣው የሚያዝያ ውርጭ ያገኘዋል፤ በሚያዝያ 2024 በሳርና በሩቨር ገባር ሸለቆዎች የሆነው ይህ ነው።

ወጣቶቹ የመጡት በዚህ መሐል ነው። ገደሉ ርካሽ ሆኗል፣ ሽማግሌው ተተኪ የለውም፣ አየሩ ደረቅ ወይን ፈቅዷል። እዚህ ላይ የናፖሊዮን እጅ አለበት። ፈረንሳይ ሸለቆውን ከ1794 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ገደማ ስትገዛ የገዳማትና የመኳንንት ማሳ ተወርሶ በሐራጅ ተሸጠ፤ ርስት ለልጆች ሁሉ እኩል ይከፈል የሚለው የፈረንሳይ ሕግም እዚያው ቀረ። መሬቱ በየትውልዱ ተሸነሸነ። ዛሬ አንድ ገበሬ አምስት ሄክታር ቢኖረው በሃምሳ ቦታ የተበታተነ ሊሆን ይችላል። ይህ ለትልቅ ኩባንያ ራስ ምታት ነው፤ ሀብት ለሌለው ወጣት ግን ዕድል ነው። ግማሽ ሄክታር የማትሞላ፣ የ80 ዓመት ግንድ የቆመባት ቁራሽ መሬት በአነስተኛ ኪራይ ትገኛለች። ብዙዎቹ የትኛውን ቁራሽ መፈለግ እንዳለባቸው የተማሩት ከአሮጌ ካርታ ነው። የፕሩሲያ መንግሥት ግብር ለመጣል በ1868 ያሳተመው የሳርና የሞዘል የወይን ካርታ ማሳዎቹን በገቢያቸው መጠን በቀለም ለይቷል፤ ቀለሙ በጠቆረ መጠን ግብሩ ይከብዳል። በቁጥቋጦ የተዋጠ ማሳ በካርታው ላይ ጠቁሮ ከተገኘ ወጣቱ መጋዝ ይዞ ይወጣል።

በሳር ሸለቆ ሮማን ኒዬቮድኒቻንስኪ በ2000 አካባቢ ቫን ፎልክሰም የተባለውን የተዳከመ የወይን ቤት ገዝቶ ያረጁ ግንዶችን አጥብቆ በመያዝ ሲጀምር ጎረቤቶቹ በጥርጣሬ ነበር ያዩት። እሱ ግን የቢትቡርገር ቢራ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ የሚከስረው ነገር ነበረው። ሌሎቹ ያን ያህል አልታደሉም። ጁሊያን ሃርት እንደ ክላውስ ፔተር ኬለር ባሉ ስመ ጥር ቤቶች ሠርቶ ከተመለሰ በኋላ ፒስፖርት በተባለች መንደር በትንሽ ማሳ ጀመረ፤ የመጀመሪያ ምርቱ የ2010 ነው። ዛሬ ወይኑን ለማግኘት ወረፋ ይጠበቃል። የጀርመን የወይን ተቋም በ2006 ጀነሬሽን ሪስሊንግ የተባለውን የወጣቶች ስብስብ ሲመሠርት የዕድሜ ጣሪያውን 35 አደረገው፤ አባላቱ በመቶዎች ይቆጠራሉ፣ ሴቶችም ብዙ ናቸው። አያቶቻቸው ወይናቸውን በጅምላ በሊትር ለነጋዴ የሚሸጡ ነበሩ። እነሱ ጋይዘንሃይም ተምረው፣ ኒውዚላንድ ወይም ደቡብ አፍሪካ አንድ ለቀማ ሠርተው ሲመለሱ የመጀመሪያ ውሳኔያቸው በገዛ ስማቸው በጠርሙስ መሸጥ ነው።

ለምን እንዲያ እንደሚወስኑ ለማየት ሒሳቡን እንሥራው። የሜዳ ማሳ በማሽን ሲሠራ በሄክታር በዓመት ጥቂት መቶ ሰዓት ይበቃዋል፤ በእንጨት የታሰረ የገደል ማሳ ከ1 ሺህ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። 1 ሺህ 200 እንበል። ያረጀ ግንድ በሄክታር 3 ሺህ ሊትር ቢሰጥ 4 ሺህ ጠርሙስ ነው። ለአንድ ጠርሙስ 18 ደቂቃ የማሳ ሥራ ይደርሰዋል። በ2025ቱ የጀርመን ዝቅተኛ ደመወዝ፣ በሰዓት 12 ዩሮ ከ82 ሳንቲም፣ ጉልበቱ ብቻ 3 ዩሮ ከ85 ሳንቲም ይሆናል። በርሜል፣ ጠርሙስ፣ ቡሽ፣ ኪራይ፣ መድኃኒትና ዕዳ ገና አልተነሡም። በጀርመን ሱፐርማርኬት ደግሞ ከ4 ዩሮ በታች የሚሸጥ ወይን ሞልቷል። ስለዚህ ይህን ማሳ በጅምላ ዋጋ ማረስ ራስን ማጥፋት ነው። የሚያዋጣው በ20፣ በ30 ዩሮ የሚሸጥ፣ ስም ያለው ጠርሙስ ብቻ ነው፤ በዚያ ዋጋ የሚገዛው ሰው ደግሞ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ደረቅ ወይን ይፈልጋል። ጥበብና ጣዕም የሚመስለን ነገር ሥሩ ሲመረመር የሒሳብ መዝገብ ነው።

ሥራው በጥር በመግረዝ ይጀምራል። ያረጀ ግንድ መግረዝ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንድ ትልቅ ቁስል ግንዱን ውስጥ ውስጡን ለሚያደርቅ ፈንገስ በር ይከፍታል። በመጋቢት ቅርንጫፉ ይቆለመማል፤ ያኔ ጭማቂው ወጥቶ እንጨቱ ይለሰልሳልና። ለዚህ ሥራ ደመናማ እርጥብ ቀን ይመረጣል። በበጋ አረም፣ ቅጠል ማሳሳት፣ የሻጋታ መድኃኒት ይከተላል። አንዳንድ ገደል ላይ በቤንዚን የሚሠራ ባለ አንድ ሐዲድ ትንሽ ባቡር ሰውና ሳጥን ያመላልሳል። የሚወርደው ድንጋይ ደግሞ ወደ ላይ መመለስ አለበት፤ ከዝናብ በኋላ ሺፈሩ እየተንሸራተተ ወደ መንገዱ ይመጣልና። ለቀማው በእጅ ነው። ለቃሚዎቹ ብዙ ጊዜ ከፖላንድና ከሮማንያ ይመጣሉ፤ ያለ እነሱ ይህ ወይን የለም፣ በጠርሙሱ ላይ ግን ስማቸው አይጻፍም።

ምድር ቤት ሲገባ ሥራው የመጠበቅ ነው። ፍሬው በቀስታ ይጨመቃል፣ ጭማቂው ያድራል፣ ዝቃጩ ሲወርድ ወደ በርሜል ይገለበጣል። የሞዘል ባህላዊ በርሜል ፉደር ይባላል፤ 1 ሺህ ሊትር ይይዛል፣ ብዙ ዘመን ያገለገለ ስለሆነ የእንጨት ጣዕም አይሰጥም። ፋብሪካ የተገዛ እርሾ ይጨምራል፤ እነዚህ ወጣቶች ግን አብዛኞቹ አይጨምሩም። ከማሳውና ከምድር ቤቱ ግድግዳ የመጣው እርሾ ራሱ ያብላላዋል። ጠጅ የጣለ ሰው ይህን አያስረዱትም፤ እሱም እርሾ ገዝቶ አያውቅም። አደጋው ታዲያ የዱር እርሾ ሰነፍ መሆኑ ነው። ክረምት ሲገባ ምድር ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ መብላላቱም ሊቆም ይችላል፤ 12 ወይም 15 ግራም ስኳር ላይ የቆመ ወይን ደረቅ አይባልም። አንዳንዱ በርሜል በሚያዝያ ነቅቶ ይቀጥላል፤ አንዳንዱ እስከ ቀጣዩ ለቀማ ይለግማል። ከባንክ ለተበደረ ወጣት ይህን መጠበቅ ቀላል አይሆንለትም። መብላላቱ ካለቀ በኋላ ወይኑ አተላው ላይ ወራት ይቆያል፤ አተላው የአሲዱን ስለት ያለዝባል፣ አካልም ይሰጠዋል። ስኳር ይሠራው የነበረውን ሥራ የሚተካው ይህ ቆይታ ነው።

ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፣ አረንጓዴ ይታይበታል። ገና የተከፈተ የዱር እርሾ ወይን የተጫረ ክብሪት ሊሸት ይችላል፤ አይደንግጡ፣ ብርጭቆውን እያወዛወዙ ትንሽ ሲታገሡ ይጠፋል። ከዚያ ሎሚ፣ አረንጓዴ ፖም፣ ኮክ፣ እርጥብ ድንጋይ የሚያስታውስ ሽታ ይመጣል። ድንጋዩ ራሱ ጣዕም ሰጠው ማለት ግን አይደለም፤ የማዕድን ጣዕም የሚባለው ነገር ከሥር ወደ ፍሬ መሄዱን ያረጋገጠ ሰው የለም። ዓመታት ሲያልፉ ሌላ ነገር ይወጣል፦ የነዳጅ ወይም የላምባ ሽታ። ፀሐይ የመታው ፍሬ ልጣጭ ውስጥ ያለ ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገር ሲፈርስ ከሚገኝ ውሁድ ነው። አፍቃሪዎቹ ይፈልጉታል፤ እኔ ጥቂት ሲሆን እወደዋለሁ፣ ሲበዛ ኩራዝ ያስታውሰኛል። አፍ ውስጥ መጀመሪያ የሚሰማው ኮምጣጣነቱ ነው፣ ከዚያ አካሉ፣ ከዚያ የምራቅ መሙላት። ያ ምራቅ ነው ቀጣዩን ጉርሻ የሚጠራው።

ከምግብ ጋር፣ ዓሣ ጥብስ፣ ዶሮ፣ የፍየል አይብ ይስማማዋል። ፍራንክፈርት ያሉ ያገሬ ልጆች ከጾም በየዓይነቱ ጋር ቢሞክሩት አይከፉም፤ ጎመንና ምስር አልጫ በተለይ። በርበሬ የበዛበት ዶሮ ወጥ ከሆነ ግን ደረቁን ይተዉት። ፋይንኸርብ የሚሉትን፣ ትንሽ ስኳር የቀረበትን፣ ይጠይቁ፤ ስኳሩ ቃጠሎውን ያስታግሳል። ሙቀቱ 10 ወይም 12 ዲግሪ ይበቃዋል። ከማቀዝቀዣ በቀጥታ የወጣ ሲሆን መዓዛው ይደፈናል።

ጠርሙሱን ሲገዙ ሁለት ቃል ይፈልጉ። ትሮከን ሕግ አለው፣ ይታመናል። አልቴ ሬበን፣ ያረጁ ግንዶች ማለት ነው፣ በጀርመን ሕግ የተወሰነ ዕድሜ የለውም፤ አንዱ በ30 ዓመት ይጽፈዋል፣ ሌላው 100 ዓመት ሞልቶት ሳይጽፈው ይቀራል። ደቡብ አፍሪካ በዚህ ቀድማለች፤ እዚያ 35 ዓመት የሞላው ማሳ ተመዝግቦ የተከላው ዓመት የተጻፈበት ማኅተም በጠርሙሱ አንገት ላይ ይለጠፋል። ጀርመን እንዲህ ያለ ነገር እስክታደርግ ድረስ የሚታመነው የጠማቂው ቃል ነው። ጉትስአብፉሉንግ የሚል ጽሑፍ ካለ ወይኑ አምራቹ በራሱ ማሳ አፍርቶ ራሱ የሞላው ነው። ጭልፊት መሰል ንስር የወይን ዘለላ ይዞ ከታየ ደግሞ ቤቱ ፋው ዴ ፔ የተባለው፣ በ1910 የተመሠረተ የታላላቅ አምራቾች ማኅበር አባል ነው። አብዛኞቹ ወጣቶች ገና አልገቡበትም፤ ስለዚህ ንስር አለመኖሩ ጥፋት አይደለም።

ያረጁት ግንዶች በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይሞታሉ። ወጣቶቹ ከመሞታቸው በፊት ቅርንጫፋቸውን እየቆረጡ፣ በአሜሪካ ሥር ላይ እየገጠሙ፣ ክፍተቱን ይሞላሉ፤ አንድ ዓይነት ችግኝ ገዝተው ቢተክሉ ስብጥሩ ይጠፋልና። የተተከለው ችግኝ ፍሬ የሚሰጠው በሦስተኛው ዓመት ነው። ያረጀ ግንድ የሚባለው ደግሞ የተከለው ሰው ጡረታ ሲወጣ ነው።